የታሪክ ትምህርት አስተባባሪ (በእንግሊዝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች)

ከ5 እስከ 11 ዓመት ለሆናቸው ልጆች የሚሰጠውን የታሪክ ትምህርት የሚያቅድና የሚከታተል መምህር። አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ክፍል ስለሚያስተምር የባልደረቦቹን ክፍል ለመጎብኘት ጊዜ ያጥረዋል፤ የታሪክ ምሩቅም ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ከድንጋይ ዘመን እስከ ቫይኪንጎች ያለውን የብሪታንያ ታሪክ፣ ጥንታዊት ግሪክን፣ እንዲሁም ከባግዳድ፣ ከማያና ከቤኒን ሥልጣኔዎች አንዱን ያካትታል። ለንባብና ለሂሳብ ቅድሚያ በሚሰጥበት ሳምንት ይህን ሁሉ ማዳረስ ከባድ ነው። ስለ 1666ቱ የለንደን ቃጠሎ በሚገባ የተማረ ልጅ፣ ቃጠሎው ከሮማውያን በፊት ይሁን በኋላ ሊምታታበት ይችላል። ስለዚህ የዘመናትን ቅደም ተከተል ከክፍል ወደ ክፍል ማያያዝ ከአስተባባሪው ሥራ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው የብሪታንያ የታሪክ ማኅበር ለዚህ የሚረዱ መርጃዎችን ለመምህራን ያዘጋጃል።