የክርክር ሚዛን በቢቸናና በሞጣ፦ 1960 እና 2012 ዓ.ም.

ታሪክ ስናነብ ያሸነፈው ወገን ክርክሩም ትክክል እንደ ነበረ፣ የተበደለው ወገን የተናገረውም ሁሉ እውነት እንደ ሆነ አድርገን ማለፍ ይቀናናል። ዒልሙል መንጢቅ ግን ከድልም ከበደልም የተለዩ ሁለት ጥያቄዎች ያቀርባል። አንደኛ፣ ሙቀዲማዎቹ እውነት ናቸውን? ሁለተኛ፣ እውነት ቢሆኑስ ወደ ነቲጃው ያደርሳሉን? የአብሀሪን ኢሳጉጂ ወይም የአኽደሪን ሱለም የቀራ ደረሳ ይህን ያውቃል። ዑለማኦች በመንጢቅ ላይ ተለያይተዋል፤ ኢብኑ ሰላሕ ሲከለክሉት፣ ኢማሙል ገዛሊ ግን አልሙስተስፋ የተባለውን የኡሱል ኪታባቸውን በእርሱ ከፍተዋል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በምሥራቅ ጎጃም በተፈጸሙ ሁለት ክስተቶች ላይ እናቀርባለን።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ገበሬዎች ገማቾችን አናስገባም ብለው ተነሡ። ዐመፁ ወደ ሌሎች የጎጃም አውራጃዎችም ተዛመተ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችን ከአየር ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቊ ሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

የመንግሥት ክርክር ሲጠቃለል፣ ግብሩ በገቢ ላይ የተጣለ ስለ ሆነ ርስትን አይነካም የሚል ነበር። በዚህ ውስጥ ሳይነገር የታለፈ አንድ ሙቀዲማ አለ፤ እርሱም የመሬቱን ነገር ሳያነሡ የገበሬውን ገቢ ማወቅ ይቻላል የሚለው ነው። በጎጃም ግን ርስት በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ማሳ ሳይሆን ከአቅኚ አባት በትውልድ የሚወረስ፣ ዘመድ ከዘመድ የሚካፈለውና የሚሟገትበት መብት ነበር። ስለዚህ «ይህ ምርት የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ «ይህ መሬት የማን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ብዙ አይርቅም። የተሸሸገው ሙቀዲማ ሲወድቅ ክርክሩም አብሮ ይወድቃል።

የገበሬው ክርክር ደግሞ ግምት ልኬትን ያስከትላል፣ ልኬትም ርስትን ያሳጣል የሚል ነበር። ማስረጃ አልጎደለውም። በደቡብ ቀላድ የተጣለበት መሬት ብዙው ከነባር ባለቤቱ እጅ ወጥቷል። በጎጃምም ከኢጣልያ ወረራ በኋላ መንግሥት መሬት ለመለካት ሞክሮ ተቃውሞ ገጥሞታል። ይህ አካሄድ ኢስቲቅራእ ነው፤ ነጠላ ሁኔታዎችን ሰብስቦ ወደ አጠቃላይ ፍርድ ይወጣል። ውጤቱ ብርቱ ግምት እንጂ የቂን አይደለም። እንግዲህ ገበሬው ለመጠራጠርና ዋስትና ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነበረው፤ «ርስቴ ተወስዷል» ለማለት ግን አልነበረውም። የውዝፉ መሰረዝም ይህን አይለውጥም፤ መንግሥት የዐመፁን ዋጋ መመዘኑን ያሳያል እንጂ መሬት ሊለካ አስቦ እንደ ነበረ አያረጋግጥም።

«የጎጃም ሕዝብ ለርስቱ ተነሣ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም መመርመር አለበት። በነባሩ ሥርዓት ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት ተገልሎ በንግድና በሽመና ይተዳደር ነበር። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በኩሊያ መልክ ቢነገርም እውነትነቱ በጁዝኢያ ነው፤ «ሁሉ» በተባለበት «ከፊሉ» መባል ይገባዋል። ይህን የታሪክ መምህር ሊያርመው ይችላል።

በሁሉና በከፊሉ መካከል ያለው ልዩነት ቸል ሲባል ግን መዘዙ በታሪክ መጽሐፍ ላይ አይቆምም። ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። ወሬው ያነሣሣው አስተሳሰብ በክርክር መልክ ቢቀመጥ እንዲህ ይሆናል፦ እሳት ታየ፤ ስለዚህ ያነደደው ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ የከተማው ሙስሊም ሁሉ ተጠያቂ ነው። የመጀመሪያው «ስለዚህ» እሳት ሊነሣ የሚችልባቸውን ሌሎች ምክንያቶች ሁሉ ዘልሏል። ሁለተኛው ከአንድ ሰው ወደ ሁሉ ዘልሏል። የ1960ው ገበሬ ቢያንስ የሚጠቅሰው ያለፈ ታሪክ ነበረው፤ እዚህ ግን አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ምንም ነገር የለም።

ሚዛኑ ለእኛም ያው ነው። «የሞጣ ክርስቲያኖች አቃጠሉን» የሚለው ቃል በየመጅሊሱ ይሰማል። ድርጊቱን ያወገዙና መስጊዶቹን መልሶ ለመሥራት የረዱ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ኩሊያን ለማፍረስ ደግሞ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይበቃል። እንዲህ ማለት ወንጀሉን አያቀልም። ፍርድ የሚቆመው በሕዝብ ላይ ሳይሆን በፈጸመው ሰው ላይ ስለ ሆነ፣ «ያቃጠሉት እነ እገሌ ናቸው» ብሎ በማስረጃ መክሰስ ከጅምላ ቃል ይልቅ ለተበዳዩ ይጠቅማል። ሱረቱል ሑጁራትም ወሬን እንድናጣራ ሲያዝ፣ ባለማወቅ ሕዝብን ጎድተን እንዳንጸጸት በማስጠንቀቅ ነው፤ የተነገረውም ለአማኞች ነው።

ኢማም በሚንበር ላይ እንዲህ ያለ ዜና ሲያነሣ የታየውን፣ የተሰማውንና የተገመተውን ለየብቻ ይናገር። መድረሳ ውስጥም መምህሩ ቂያስን ሲያስተምር ከኪታቡ ምሳሌ ቀጥሎ የሰሞኑን አንድ ወሬ ለደረሳው ያቅርብና ሙቀዲማዎቹን ያስለየው።