የጥዱ እንጉዳይና የራጋዚ እንቁራሪት

ከሰበታ አልፌ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ወደሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በገባሁ ቁጥር ያረጁ ጥዶችን ማንኳኳት ለምዶብኛል። አንዳንዱ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከግንዱ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ የተለጠፈው ጠንካራ እንጉዳይ ምክንያቱን ይናገራል፤ ሊቃውንት ፓይሮፎመስ ዴሚዶፊ ይሉታል። እሳትና መጥረቢያ በተዉት ቁስል ገብቶ የእንጨቱን ልብ ዓመት ከዓመት ይበላል። ጥዱ ግን ልቡ ባዶ፣ ቅጠሉ ለምለም እንደሆነ ይቆማል።

ትውፊት እንደሚነግረን ይህን ደን ያስተከሉት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ዘሩም የመጣው ከወፍ ዋሻ ነው። ወፍ ዋሻ ሲነሣ ደግሞ አንዲት እንቁራሪት ትታወሰኛለች። ከዚያ ብዙም በማይርቀው አንኮበር አጠገብ፣ ሌት ማረፊያ በተባለው የጣሊያኖች ጣቢያ፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪንቼንዞ ራጋዚ የተባለ ሐኪም ይኖር ነበር። ከሸዋ ጫካ የሰበሰባትን የዛፍ እንቁራሪት፣ ቡላንዤ የተባለው ሊቅ በ1896 እ.ኤ.አ. በራጋዚ ስም ሰየማት። ዓመቱ የአድዋ ዓመት መሆኑ ያስገርመኛል፤ ጣሊያን በጦር ያጣችውን ስም በእንቁራሪት አገኘች! ይህች ፍጥረት ከኢትዮጵያ ውጭ የላትም፤ ደኗ እየተመነጠረ ስለሄደም ህልውናዋ ከሚያሰጋ እንስሳት ተርታ ገብታለች።

እንጉዳዩ ይረገማል፤ እንቁራሪቷ ይታዘንላታል። እኔ ግን የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ይታዩኛል። እርሱ ልብ ያበጀ ሽማግሌ ዛፍ ይሻል፤ እርሷ እንቁላሏን የምትቀብርበት እርጥብ አፈርና ጥላ ያለው ጅረት። የሚለያዩት በጉዞ ነው፤ የእርሱን ብናኝ ነፋስ ከደን ወደ ደን ያሻግረዋል፤ ለእርሷ ግን በሁለት ደኖች መካከል ያለ እርሻ እንደ ባሕር ነው።

በቡራዩ በኩል ሳልፍ፣ እንጦጦንም ተሻግሬ ወደ ሱሉልታ ስወርድ የማየው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኗታልና አልወቅሰውም። ሆኖም ሳይሸመግል ይቆረጣል፤ ለሁለቱም ቤት አይሆንም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ቤቶቹም ወደ ተራሮቹ እየተጠጉ ነው።

«ልቡ የበሰበሰ ዛፍ ምን ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ እንጨት ቆራጭ ነበር። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ። ባለፈው ክረምት ግን እዚያው ሱባ ውስጥ፣ ዝናብ አስጠልሎኝ ከአንድ ባዶ ጥድ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ ከጅረቱ በኩል የእንቁራሪት ድምፅ ሰማሁ። የየትኛዋ እንደሆነ አልለየሁም፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ጥቂት ቆየሁ።