ስኮርም ሲባል ምን ማለት ነው?

በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሥራ ሲረካከቡ «ፋይሉ ስኮርም ነው?» ብለው ይጠያየቃሉ። ስኮርም አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ዲጂታል ትምህርት በተለያዩ የማስተማሪያ ሥርዓቶች ላይ እንዲሠራ የሚያስችል የጋራ ደንብ ነው።

ያስጀመረው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ነው። የማስተማሪያ ሥርዓት በተቀየረ ቁጥር ያንኑ ትምህርት እንደ አዲስ መሥራት ብዙ ገንዘብ ይበላ ነበር። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የተከተለው 1.2 ዛሬም በስፋት ይሠራበታል።

ትምህርቱ በአንድ ዚፕ ፋይል ይጠቀለላል፤ በውስጡም ማኒፌስት የሚባል ዝርዝር አለ። ሙድልን የመሰለ የማስተማሪያ ሥርዓት ይህን ዝርዝር አንብቦ የትኛው ክፍል የት እንዳለ ያውቃል። የተማሪው ውጤትና ያቆመበት ቦታም ይመዘገባል። መብራት ሄዶ ትምህርቱ ቢቋረጥ ካቆመበት መቀጠል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ስኮርም ግን ፈቃድ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ የትም ቢከፈት፣ ሌላ መምህር ወደ አማርኛ ተርጉሞ ሊያሠራጨው የሚችለው ባለመብቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ክሬቲቭ ኮመንስን የመሰሉ ፈቃዶች ናቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የባለቤቱን ስም መጥቀስ ብቻ ሲጠይቁ፣ ሌሎች ደግሞ የተለወጠ ቅጂ ማሠራጨትን ይከለክላሉ።