ነገረ ቤዛ

ነገረ ቤዛ የኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል መሞት ለሰው ልጅ ድኅነት ያስገኘው እንዴት እንደሆነ የሚያብራራ የክርስትና ትምህርት ዘርፍ ነው። የጥንት ጉባኤያት ስቅለቱ ስለ ሰው መሆኑን ከመመስከር አልፈው አፈጻጸሙን በአንድ ፍቺ ስላልወሰኑ ልዩ ልዩ ትርጓሜዎች ተነሥተዋል። በ4ኛው መቶ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሞቱን በዲያብሎስ ለተያዘው ሰው የተከፈለ ቤዛ አድርጎ አስተማረ፤ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ግን ቤዛው ለዲያብሎስ ተከፈለ መባሉን አጥብቆ ነቀፈ። የካንተርበሪው አንሰልም በ1098 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው ድርሰቱ ኃጢአት የእግዚአብሔርን ክብር የነካ ዕዳ በመሆኑ ካሳውን ሊከፍል የሚችለው አምላክም ሰውም የሆነ ብቻ ነው አለ። አቤላርድ የክርስቶስ ሞት ፍቅርን የሚቀሰቅስ መገለጥ መሆኑን አጎላ፤ ካልቪን ክርስቶስ በኃጥኣን ፈንታ ቅጣትን መቀበሉን አስተማረ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ካሳ፣ ቤዛነትና ድል አይነጣጠሉም። ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ ማለትም 5500 ዘመን፣ በክርስቶስ መጥቶ መሰቀል ይፈጸማል፤ በሲኦል የነበሩ ነፍሳትም ነጻ ይወጣሉ። ይህን በማሰብ ምእመናን በስቅለት ዓርብ ሲሰግዱ ውለው ማታ ከካህናት በወይራ ቅጠል ጥብጣብ ይቀበላሉ።