የውስጥ አርበኞች

የውስጥ አርበኞች በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጠላት በያዛቸው ከተሞች ውስጥ እየኖሩ፣ በጫካና በተራራ ለሚዋጉት አርበኞች መረጃ፣ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ስንቅ በሥውር ያቀርቡ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የሚጠሩበት ስም ነው። ጥቂቶቹ በጠላት ቢሮ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሌሎቹ ነጋዴዎች፣ ካህናት፣ አሽከሮች፣ አስተርጓሚዎች፣ የመጠጥ ቤት ባለቤቶችና የቤት እመቤቶች ነበሩ። በዚህ ሥራ የሴቶች ድርሻ ከፍ ያለ ነበር።

ስያሜው

«አርበኛ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የሚያመለክተው ዱር ቤቴ ብሎ የወጣውን ተዋጊ ነው። «የውስጥ» የሚለው ቅጽል የተጨመረው በከተማ የቀረውን ሰው ከዚህ ተዋጊ ለመለየት ነው። በተቃራኒው ለጠላት ያደረው «ባንዳ» ተባለ። ይህ ቃል ኢጣልያኖች ከአገሬው ሰው ላቋቋሙት መደበኛ ያልሆነ ጦር ከሰጡት ስም የመጣ ነው። ወሬ እየለቀመ ለጠላት የሚያደርሰው ደግሞ «ጆሮ ጠቢ» ይባል ነበር። የውስጥ አርበኛ ችግሩ ለጎረቤቱ ባንዳ መስሎ መታየቱ ነበር። ከጠላት ሹም ጋር ቡና የሚጠጣ፣ በቢሮው የሚገባና የሚወጣ ሰው የማን ወገን እንደሆነ የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ ምስጢሩ እንዳይባክንም ይህን ስም ችሎ መኖር ነበረበት።

አመጣጥ

የኢትዮጵያ ጦር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ የኢጣልያ ሠራዊት በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በወልድያ አድርጎ ወደ ደሴ ወረደ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ይሁን እንጂ ወራሪው በእርግጥ የያዘው ከተሞችንና ከተሞቹን የሚያገናኙትን መንገዶች ነበር። ከመንገዱ ጥቂት ርቆ ያለው አገር በቀን የእርሱ፣ በሌሊት የአርበኛው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢጣልያኖች ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የዘረጉት የመኪና መንገድ ይህን በደንብ ያሳያል። መንገዱ በሰሜን ወሎ ቆላ በቆቦ፣ በወልድያ፣ በሲሪንቃና በመርሳ አልፎ በሐይቅ በኩል ደሴ ይደርሳል። ከምሥራቅ በኩል ሜዳው፣ ከምዕራብ የላስታና የየጁ ተራሮች ያዋስኑታል። ጥይቱም፣ ዱቄቱም፣ ወታደሩም የሚያልፈው በዚህ መስመር ስለነበር፣ ስንት መኪና ወደ የት እንዳለፈ ማወቅ ለተራራው ተዋጊ ከጥይት ያላነሰ ዋጋ ነበረው። ይህን ለማየት ደግሞ የተማረ ሰላይ አያስፈልግም፤ በመንገድ ዳር የሚያርስ ገበሬ ወይም ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ይበቃል።

በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች ከተለያየ አቅጣጫ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሞከሩ። ጥቃቱ የተቀናጀ እንዲሆን ታስቦ የነበረ ቢሆንም ጦሮቹ በአንድ ጊዜ ስላልደረሱና እርስ በርስ መልእክት መለዋወጥ ስላልቻሉ ከሸፈ። ከጥቃቱ ጋር ተባብረዋል የተባሉት አቡነ ጴጥሮስ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። በከተማና በጫካ መካከል አስተማማኝ መልእክተኛ የማስፈለጉ ነገር በዚህ ክረምት በግልጽ ታየ።

ጥቁር አንበሳ

በዚያው ዓመት በምዕራብ ኢትዮጵያ «ጥቁር አንበሳ» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ምሩቃንና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ የራሱ ሕገ ደንብ ነበረው፤ ወታደሩ ለሲቪሉ አመራር እንዲገዛና ማንም የሕዝብ ንብረት እንዳይዘርፍ የሚሉት አንቀጾች በተለይ የሚጠቀሱ ናቸው። ከልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ተከቦ እጁን ሰጠ። ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሶች ጋር ከዘመቱት አንዷ ናቸው። በኋላ ተይዘው ወደ ኢጣልያዋ የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ በተደረገው ምርጫ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል።

የካቲት 12

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት (በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ) ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት በሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምቦች ወረወሩ። ሁለቱም የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። አብርሃ በኢጣልያ መንግሥት የፖለቲካ ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር በጠላት ዘንድ የታመነ ሰው ነበር፤ ወደ ግቢው ለመግባትም ይህ ረድቶታል። ከስፍራው በመኪና ይዟቸው የወጣው ስምዖን አደፍርስ ሲሆን፣ በኋላ ተይዞ በእስር ቤት ሥቃይ ሕይወቱ አልፏል። አብርሃና ሞገስ በደብረ ሊባኖስ በኩል አልፈው ወደ አርበኞች ደረሱ፤ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲጓዙ ግን በመንገድ ተገደሉ።

ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። የተከተለው የሦስት ቀን ጭፍጨፋ በኢትዮጵያ መንግሥት ቆጠራ 30,000 ሰው የጨረሰ ሲሆን፣ ታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቁጥሩን ወደ 19,000 ገምቶታል። በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከሴራው ጋር ተባብረዋል ተብለው ተረሸኑ። ግራዚያኒ በቴሌግራም ለሮም ያሳወቀው የተገደሉ መነኮሳት ቁጥር 297 ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹን ጠቅላላ ብዛት ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርጉታል።

ከዚህ ሰሞን ትእዛዞች አንዱ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ተንባዮችና አዝማሪዎች ተለቅመው እንዲገደሉ አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጋዜጣና ራዲዮ ብዙም ባልተዳረሰበት አገር ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት የሚያደርሱት እነዚህ ነበሩ። ማሲንቆ የያዘ ሰው የገዢውን ውድቀት በቅኔ ሲናገር፣ ሰሙን ብቻ የሚሰማ ወታደር ወርቁን ሊይዘው አይችልም።

ሸዋረገድ ገድሌ

ከውስጥ አርበኞች ሁሉ በስም ጎልተው የሚታወቁት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። የኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ በአዲስ አበባ ሲሰቀል በሕዝብ መካከል ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዳለቀሱና በዚህም ተይዘው እንደተጠየቁ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ቤታቸውንና ሀብታቸውን ለትግሉ አውለው መሣሪያ፣ ጥይትና መድኃኒት ለአርበኞች ይልኩ ነበር። በአዲስ አበባ የዘረጉት የግንኙነት መረብ ከሸዋ አርበኞች ጋር የሚያገናኝ ነበር። ከታሰሩና ከተሠቃዩ በኋላ ወደ አዚናራ ተጋዙ፤ ሲመለሱም ሥራቸውን አልተዉም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ አርበኞች ባደረጉት ጥቃት ዋነኛ ተሳታፊ ነበሩ። ምሽጉን ከውጭ የሚመታው ጦርና በውስጥ ያለው ሰው የተገናኙት በእርሳቸው አማካይነት መሆኑ፣ «የውስጥ» እና «የዱር» የሚለው ልዩነት በአንድ ሰው ሕይወት እንዴት እንደሚጠፋ ያሳያል።

ላስታና ዋግ

በሰሜን ወሎ ተራሮች ትልቁ አመፅ የተቀሰቀሰው በ1929 ዓ.ም. ክረምት ነው። መሪው የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበሩ። ኢጣልያኖች አመፁን በአውሮፕላንና ብዙ ባንዳ በማሰለፍ መቱት። ደጃዝማች ኃይሉ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ እንዲሆን ታየ። አመፁ በጎጃም፣ በበጌምድርና በሸዋም ስለቀጠለ ሮም ግራዚያኒን አንሥታ በ1930 ዓ.ም. የአውስታውን መስፍን ሾመች። አዲሱ ገዢ ከጭፍጨፋ ይልቅ በማባበል ለመግዛት ሞክሯል።

የውጭ ግንኙነት

በስደት ላይ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት መልእክተኞች በሱዳን በኩል ይልኩ ነበር። ሎሬንሶ ታእዛዝ በ1931 ዓ.ም. ገደማ በሥውር ጎጃም ገብተው የአርበኞቹን ሁኔታ አጥንተው ተመልሰዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የሦስት የኢጣልያ ፀረ ፋሺስቶች ጉዞ ነው። ኢሊዮ ባሮንቲኒ፣ አንቶን ኡክማርና ብሩኖ ሮላ የተባሉት እነዚህ ኮሙኒስቶች ጎጃም ገብተው አርበኞችን የሽምቅ ውጊያ አስተማሩ፤ በአማርኛና በጣልያንኛ ጋዜጣም አዘጋጁ። የምስጢር ስማቸው ጳውሎስ፣ ዮሐንስና ጴጥሮስ ስለነበር «ሐዋርያት» ተብለዋል። ባሮንቲኒ ወደ አገሩ ተመልሶ ጀርመኖች ሰሜን ኢጣልያን በያዙ ጊዜ በቦሎኛ ከተማ የኅቡእ ተዋጊዎች መሪ ሆነ።

ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከጀርመን ጎን ተሰልፋ ጦርነት ስትገባ እንግሊዞች ለአርበኞቹ በይፋ እርዳታ ጀመሩ። በነሐሴ ወር በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ተልዕኮ 101» ጎጃም ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን በደቡብ አፍሪካ ጦር እጅ ወደቀች፤ የአውስታው መስፍን በግንቦት ወር በአምባ አላጌ እጁን ሰጠ።

ቅጣት

የተያዙት የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው። ብዙዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሌሎች በሶማሊያ ዳናኔ፣ በቀይ ባሕር የኖክራ ደሴት ወይም በኢጣልያ ታሰሩ። ራስ እምሩ የታሰሩባት የፖንዛ ደሴት በ1935 ዓ.ም. ሐምሌ ከሥልጣን የወረደውን ሙሶሊኒን ራሱን በእስረኛነት ተቀብላለች።

በጽሑፍና በፊልም

የስለላ ታሪክ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ተወዳጅ እንዲሆን ካደረጉት ደራሲያን ዋነኛው የዋግ ተወላጅ ማሞ ውድነህ ናቸው። «የካይሮው ጆሮ ጠቢ» ከትርጉም ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። የሚያሳዝነው አንባቢው የካይሮን ሰላዮች በደንብ ሲያውቅ የአዲስ አበባዎቹን የሚያውቀው በጥቂቱ መሆኑ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሥራው ባሕርይ ነው፤ የውስጥ አርበኛ ደብዳቤ አንብቦ ያቃጥላል እንጂ አያስቀምጥም።

በፊልም በኩል ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ዓድዋ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው «ጤዛ» ውስጥም የሙሶሊኒ ዘመን ትዝታ አለ። ስለ ተያዘ አገር ትግል በዓለም ከታወቁት ፊልሞች ሁለቱ የኢጣልያኖች ናቸው። የሮቤርቶ ሮሴሊኒ «ሮማ ክፍት ከተማ» (1945 እ.ኤ.አ.) ሮማውያን በጀርመኖች ሥር ያሳለፉትን መከራ ያሳያል። የጂሎ ፖንቴኮርቮ «የአልጀርስ ጦርነት» (1966 እ.ኤ.አ.) ደግሞ አልጄሪያውያን ሴቶች በቅርጫትና በቦርሳ ቦምብ ይዘው የፈረንሳይን ኬላ ሲያልፉ ያሳያል። ኢጣልያ ራሷ ወራሪ ሆና የምትታይበት «የበረሃው አንበሳ» (1981 እ.ኤ.አ.) ግን፣ የሊቢያውን ዑመር ሙክታርን ታሪክ የሚተርከው ፊልም፣ የሠራዊቱን ክብር ይነካል ተብሎ በአገሪቱ እንዳይታይ ተከለከለ። በቴሌቪዥን የታየው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ፊልም ግራዚያኒን ሆኖ የሚጫወተው ኦሊቨር ሪድ ነው።