መለከት፣ እምቢልታ፣ ዋሽንት፦ የትንፋሽ መሣሪያዎች ሥሪትና ቅኝት

በቆሰበር (እንጅባራ) ዙሪያ ባሉት የአዊ ደጋ ቀበሌዎች ቀርከሃ የጓሮ ተክል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚህ ቀዝቃዛና ዝናባም አገር አጥሩም፣ የቤቱ ማገርም፣ ቅርጫቱም፣ ወንበሩም ከቀርከሃ ይሠራል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ እንጅባራ ሲደርስ ይኸው ዕቃ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ያገኘዋል። ተክሉ ለኢትዮጵያ የትንፋሽ መሣሪያዎችም ከዋና ዋናዎቹ ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ቱቦ ያለ ብዙ ድካም የሚገኘው ከደጋ ቀርከሃና ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ነውና። በአገሪቱ በተፈጥሮ የሚበቅለው ሌላው ዝርያ፣ ከአዊ በስተ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ በመተከል ቆላ የሚገኘው ቀርከሃ፣ ግንዱ ድፍን ስለሆነ ለምሰሶ እንጂ ለነፊ ብዙም አይመችም።

በትንፋሽ መሣሪያ ውስጥ የሚጮኸው ግድግዳው ሳይሆን በውስጡ ያለው አየር ነው። ቱቦው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፣ ሲያጥር ይቀጥናል፤ ርዝመቱ በግማሽ ቢቀነስ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ነፊው በአንድ ቱቦ ከአንድ በላይ ድምፅ ለማውጣት ሦስት መንገድ አለው። ከንፈሩን ወይም ትንፋሹን አጠንክሮ አየሩን በተፈጥሮው ወደሚቀበላቸው ቀጫጭን ድምፆች ይገፋዋል፤ አለዚያ በቱቦው ላይ ቀዳዳ አውጥቶ በጣቱ ይዘጋል፣ ይከፍታል፤ አለዚያም በቱቦው ላይ ሌላ ቱቦ ይቀጥልበታል። የመጀመሪያው መንገድ የመለከትና የእምቢልታ፣ ሁለተኛው የዋሽንት፣ ሦስተኛው ከውጭ የገቡት የናስ መሣሪያዎች ነው። የኢትዮጵያ ነፊዎች ከጥንት ጀምሮ በዚህ ላይ አራተኛ ዘዴ ነበራቸው፤ ይኸውም ሰውን ማብዛት ነው።

ስለ መለከት አሠራር ዝርዝር መግለጫ ከተዉት ቀደምት የውጭ ጸሐፊዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገው ምድር አልፎ ግሽ ዓባይ የደረሰ፣ በጎንደር ቤተ መንግሥትም የከረመ ሰው ነው። ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጻፈውን ደብዳቤ እንግሊዛዊው ቻርልስ በርኒ በ1776 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። በዚያ መግለጫ መሠረት የጊዜው መለከት የውስጥ ስፋቱ ከ1.3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ርዝመቱ 1.6 ሜትር ያህል የሆነ መቃ ነበር። ጫፉ ላይ የቅል አንገት ይሰካበታል፤ ቅሉ በነጫጭ ዛጎል ያጌጣል፤ መሣሪያው በሙሉ በብራና ይለበጣል። ብራናው የጌጥ ብቻ አልነበረም። መቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አየር የሚያመልጥበት ቱቦ ደግሞ የቱንም ያህል ቢነፉት አይጮኽም።

ብሩስ መለከቱ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ያውም ሻካራና አስፈሪ ድምፅ፣ እንደሚያወጣ ይናገራል። ይህ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነው። ያን ያህል ረጅምና ጠባብ ቱቦ በከንፈር ሲነፋ ብዙ ድምፆችን ይሰጣል፤ ጠባብነቱም ለቀጫጭኖቹ ያመቸዋል። ስለዚህ የአንድ ድምፅነቱ ምክንያት መቃው ሳይሆን የተሰጠው ሥራ ይመስላል። ብሩስ ራሱ እንደሚለው ሠራዊቱ ሲጓዝ መለከቱ በዝግታ ይነፋል፤ ጠላት ከታየ በኋላ ግን በፍጥነትና በኃይል ይደጋገማል። መልእክቱ ያለው በአነፋፈሱ ፍጥነት ውስጥ ነው። አዋጅ ለማስነገርና ሠራዊት ለማንቀሳቀስ ዜማ አያስፈልግም።

እምቢልታ ከመለከት የሚለየው በአነፋፈሱ ነው። መለከት በሚንቀጠቀጥ ከንፈር ሲነፋ፣ እምቢልታ ግን እንደ ዋሽንት ትንፋሹ በአፉ ጠርዝ ላይ ተከፍሎ ይጮኻል፤ የጣት ቀዳዳ የለውም። ከቀርከሃ ወይም ከብረት ቱቦ ይሠራል፤ በትግራይ የብረቱ የተለመደ ነው። እንዲህ የሚነፋ ቀዳዳ የሌለው ቱቦ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎች በሦስት ሰዎች ይያዙና እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ጣል እያደረገ ዜማው ይሞላል። አንዱ ቢዘገይ ዜማው ይሰበራል። ቅኝቱም የሚወሰነው ገና ቱቦዎቹ ሲቆረጡ ነው፤ ሦስቱ አብረው ካልተቆረጡ አብረው አይነፉም። በመሳፍንቱና በነገሥታቱ ዘመን ነጋሪት አስጎስሞና እምቢልታ አስነፍቶ መሄድ የትልቅ ሹመት ምልክት ስለነበር፣ መሣሪያው ከሙዚቃነቱ ይልቅ በክብርነቱ ይበልጥ ይታወቅ ነበር።

በሰው ብዛት ዜማ የማውጣቱ ዘዴ በደገኛው ብቻ የተወሰነ አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ ሕዝብ የሚነፋው ዋዛ ከተቆራረጠ ቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረጅም ቀንድ ነው። እያንዳንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ አለው፤ ነፊዎቹ ተሰልፈው ሲነፉ ግን እንደ አንድ መሣሪያ ይሰማሉ።

ዋሽንት ግን የአንድ ሰው መሣሪያ ነው፤ ስለዚህም የእረኛ መሣሪያ ሆነ። የጎጃም ደጋ እረኛ የደረቀ ሸምበቆ ወይም የቀርከሃ ቀጭን ጫፍ ይቆርጣል፤ የበሰለው የቀርከሃ ግንድ ለዋሽንት ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። አንጓ ካለበት በጋለ ብረት ይነድለዋል፤ የጣት ቀዳዳዎቹንም በዚያው ብረት አቃጥሎ ያወጣል። በቢላ የተበሳ ቀርከሃ በጭረቱ ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ የተቃጠለው ቀዳዳ ግን ጠርዙ ድቡልቡልና ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። የቀዳዳዎቹ ርቀት የሚለካው በሜትር ሳይሆን በጣት ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ሠሪ የሠራቸው ዋሽንቶች እርስ በርስ ሲስማሙ፣ ከሌላ ሠሪ ዋሽንት ጋር አለመስማማታቸው ያጋጥማል።

የተለመደው ዋሽንት አራት ቀዳዳ አለው። አራቱም ሲዘጉ አንድ ድምፅ፣ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አራት ተጨማሪ ድምፆች ይወጣሉ፤ በድምሩ አምስት፣ ይኸውም የአንድ ቅኝት ሙሉ ድምፆች ናቸው። ትንፋሹ ሲጠነክር አምስቱም በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ይደገማሉ። ችግሩ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች በአንድ ዓይነት የቀዳዳ አቀማመጥ የማይነፉ መሆናቸው ነው። ትልቁን ትዝታ እንዲያወጣ የተበሳ ዋሽንት አንቺ ሆዬን በግድ ካልሆነ አያወጣም። ነፊው ይህን የሚፈታው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ የተለያዩ ዋሽንቶችን አስሮ መያዝ ነው፤ የታወቁ ነፊዎች ከአንድ በላይ ዋሽንት ይዘው መድረክ የሚወጡት ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ቀዳዳውን በሙሉ ከመክፈት ይልቅ በግማሽ ጣት መሸፈን ነው። ግማሽ የተሸፈነ ቀዳዳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዋሽንቱን በከንፈር ላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዞርም እንዲሁ ድምፁን በጥቂቱ ያወርዳል ወይም ያወጣል። የዋሽንት ልቅሶና ማንጎራጎር የሚባለው ነገር አብዛኛው ከዚህ የጣትና የከንፈር ሥራ የሚመጣ ነው።

ሁሉም ቅኝት የተለየ ዋሽንት ይፈልጋል ማለት ግን አይደለም። የትንሹ ትዝታ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ ናቸው። እነዚሁ አምስት ድምፆች ከሶል ተነሥተው ወደ ላይ ሲነፉ የአምባሰልን እርምጃ ይሰጣሉ። ስለዚህ ለትንሹ ትዝታ የተበሳ ዋሽንት የዜማውን መነሻና ማረፊያ በመለወጥ ብቻ አምባሰል ይሆናል። ጣቱ ያው፣ ቀዳዳው ያው ሆኖ የሰሚው ስሜት ሌላ ነው።

ናስ የገባው ዘግይቶ ነው። ከ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ቄሳር ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎችን ላኩ፤ ሚሌቭስኪ የተባለ አሠልጣኝም በአዲስ አበባ ወጣቶችን ማስተማር ጀመረ። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚታወሰው ምዕራፍ የአርባ ልጆች ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያዩአቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሰው የኢትዮጵያ መዝሙር በጥቅምት 23 ቀን 1923ቱ የዘውድ በዓል ተሰማ። የጣሊያን ወራሪ ከተባረረ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ቅኝት ለናስ መሣሪያዎች በማቀናበር ከሁሉ ቀድሞ ይጠቀሳል።

ናሱ ያመጣው ለውጥ ከብልጭታው ይልቅ በቫልቩ ላይ ነው። በ1818 እ.ኤ.አ. ጀርመኖቹ ሽቶልትሰልና ብሉሜል የባለቤትነት ፈቃድ ያወጡበት ቫልቭ በጣት ሲጫን ተጨማሪ ቱቦ ይከፍታል፤ በሌላ አነጋገር አንድ ሰው በእጁ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ እምቢልታዎችን ይይዛል ማለት ነው። ነገር ግን ሒሳቡ አይገጥምም። የፍሬንች ሆርን ዋና ቱቦ 3.7 ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ቫልቭ ድምፁን በግማሽ ቶን ለማውረድ 22 ሴንቲ ሜትር፣ አንደኛው በአንድ ቶን ለማውረድ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጫኑ 67 ይሆናል፤ ለአንድ ተኩል ቶን የሚያስፈልገው ግን 70 ነው። ስለዚህ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። አንደኛውና ሦስተኛው ሲጣመሩ ጉድለቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆንና ለማንም ጆሮ ይታወቃል። የሆርን ነፊ ቫልቩን በግራ እጁ እየተጫነ ቀኝ እጁን በመሣሪያው አፍ ውስጥ የሚያኖረው በከፊል ለዚህ ነው፤ እጁን ሲያስገባ ድምፁ ይወርዳል። የዋሽንት ነፊው ግማሽ ጣትና የሆርን ነፊው መዳፍ አንድ ሥራ ይሠራሉ።

ማቴሪያሉስ ምን ያህል ይለውጣል? የሆርን ሠሪዎች ከ70 በመቶ መዳብ የተሠራው ቢጫ ናስ ጥርት ያለ፣ መዳቡ 85 በመቶ የሚደርሰው ቀላ ያለው ናስ ለስለስ ያለ፣ ኒኬል የገባበት ነጭ ቅይጥ ደግሞ ጠንካራ ድምፅ አለው ይላሉ። ስለ ዋሽንትም የቀርከሃው ከብረቱ ይልቅ ይሞቃል የሚሉ ብዙ ናቸው። አሜሪካዊው ጆን ኮልትማን በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ግን የውስጥ ቅርጻቸው አንድ የሆነ የብር፣ የመዳብና የእንጨት ፍሉቶችን ሰሚው ሳያያቸው ቢያስነፋ፣ ሙዚቀኞችም ቢሆኑ ሊለዩአቸው አልቻሉም። ይህ ማለት ቀርከሃና ብረት በተግባር አንድ ናቸው ማለት አይደለም። የቀርከሃው ውስጥ ሸካራ ነው፣ ፍጹም ክብ አይደለም፣ ወደ ጫፉ ይጠባል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከዕቃው ዓይነት ይልቅ ዕቃው ለሠሪው የሚሰጠው ቅርጽ ነው።

ከዕቃው ይልቅ ቅኝትን አብዝቶ የሚያውከው ብርድ ነው። ከፍታ በራሱ የድምፅን ቅጥነት አይለውጥም፤ የአየሩ ሙቀት ግን ይለውጣል። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ቶን ሲሶ ያህል ይወርዳል። በቆሰበር የማለዳ ብርድ የተነሣ ዋሽንት በነፊው ትንፋሽ እስኪሞቅ ድረስ ከማሲንቆው ጋር አይገጥምም፤ ማሲንቆው በፈረስ ጭራ ክሩ ይቃኛል፣ ዋሽንቱ ግን መቃኛ የለውም።

ይህ አለመገጣጠም በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብህ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ዋና ፈተና ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ነበር። ከዚያ በፊት ተለያይተው ይነፉና ይመቱ የነበሩ የተለያዩ ብሔረሰቦች መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ሲሰለፉ ሁሉም ለአንድ ድምፅ መገዛት ነበረባቸው፤ ክሩ ሊጠብቅና ሊላላ ስለሚችል የሚስተካከለው ክራሩ ነው፣ የሚጠበቀው ዋሽንቱ። ዮሐንስ አፈወርቅና መላኩ ገላው ዋሽንትን ከእረኛ ሜዳ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ካመጡት ውስጥ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ዋሽንትን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከበገና ጋር ከፒያኖው ጎን አስተማረ።

መለከት ከቤተ መንግሥት ጋር አብሮ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በከተማ የቀረው ቅርብ ዘመዱ የእድር ጥሩምባ ነው፤ ሌሊት ወይም ማለዳ ተነፍቶ የሟች ስም ይጠራበታል፣ ብሩስ የሰማው መለከት እንዳደረገው ሁሉ ዜማ ሳያስፈልገው መልእክቱን ያደርሳል። ዋሽንት በአንጻሩ ዕቃ እየለወጠ ኖሯል። ዛሬ ከኪቦርድ ጋር የሚነፉ ብዙዎች የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ይጠቀማሉ። ቱቦው ክብ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ በማስመሪያ ተለክቶ ሊበሳ ይችላል፤ ከኪቦርዱም ጋር በትክክል ይገጥማል። ከቆሰበር ጓሮ የተቆረጠው ቀርከሃ በዚህ ሊወዳደረው አይችልም። የሚበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእረኛው ምንም ገንዘብ አያስወጣውም።