ሕፃን በዳኛ ፊት

በሀገራችን የዳኝነት ታሪክ ውስጥ ሕፃን በችሎት ፊት የነበረውን ስፍራ ለመመርመር የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚገልጠው መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፃዊው ሊቅ በኢብን አል አሳል ተጠናቅሮ፣ ኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በ51 አንቀጾቹ ቤተ ክህነቱንና ቤተ መንግሥቱን ሲመራ የኖረው ይህ መጽሐፍ የዕጓለ ማውታን ነገር አልዘነጋም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰው ልጅ ጠባቂ እንዲኖረው፣ ንብረቱም በአደራ እንዲያዝለት ያዛል። ይሁን እንጂ መጽሐፉን አንብቦ የሚተረጉመው ሊቅ በየአድባራቱ ተወስኖ የሚኖር ስለ ነበር፣ በየመንደሩ አባት እናቱን ያጣ ሕፃን ዕጣው የሚወሰነው በዘመድ ጉባኤ፣ በክርስትና አባትና በሀገር ሽማግሌ ነበር። ዳኝነትም ቢሆን ሙያው የሚለመደው ከአዋቂ ዳኛ ወንበር አጠገብ ቆሞ፣ ሙግት ሰምቶ፣ የነገር አካሄድ ለይቶ እንጂ በትምህርት ቤት ገብቶ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የታላላቆቹ ሕጎች ዘመን ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከወንጀል ኃላፊነት ነጻ ሲያደርግ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ልጅ ደግሞ ከጎልማሳው ቅጣት የተለየ ጠባይ የሚያርም እርምጃ ደነገገለት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ገና በማሕፀን ያለውን ፅንስ እንኳ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ ቈጠረው። በ1954 የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ከሁሉ ይልቅ ወደ ልጁ ቀርቦ፣ ነገሩ በዝግ ችሎት፣ ያለ ብዙ ሥርዓትና ማስፈራራት እንዲሰማ፣ ልጁ ሊሰማው የማይገባ ነገር ሲነገርም ለጊዜው ከክፍሉ እንዲወጣ፣ ዳኛውም ስለ ልጁ ጠባይና አስተዳደግ የሚያውቁ ሰዎችን ጠርቶ መጠየቅ እንዲችል ደነገገ።

ትእዛዙ መልካም ነበር፤ ፈጻሚው ግን አልተዘጋጀም። ጠዋት የነፍስ ግድያ ክስ የሰማው፣ ቀትር ላይ የወሰን ክርክር የቈረጠው ያው ዳኛ፣ ከሰዓት በኋላ በ11 ዓመት ልጅ ፊት ሲቀመጥ ድምፁን እንዴት እንደሚያለዝብ፣ ልጁ ዝም ሲል ዝምታው ከፍርሃት ይሁን ከእምቢተኝነት በምን እንደሚለይ ያስተማረው አልነበረም። አጥፊ ልጆችን የሚቀበለው የጠባይ ማረሚያም በአዲስ አበባ የሚገኘው ብቻ ሆኖ ለብዙ ዘመን በመቆየቱ፣ ከመዲናይቱ የራቀው ዳኛ ሕጉ የሰጠውን ሥልጣን የሚያሳርፍበት ስፍራ አጣ። ስለዚህም የ1954ቱ ቃል ለአራት ዐሠርት ዓመታት ያህል ከመጽሐፉ ብዙም ሳይወጣ ኖረ።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶችም ሳይቀሩ የሕፃኑን ደኅንነት ከሁሉ እንዲያስቀድሙ ከደነገገች በኋላ ነገሩ መልኩን መለወጥ ጀመረ። በ1990ዎቹ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ፖሊሶችም ስለ ሕፃናት አያያዝ በአንድነት ይሠለጥኑ ጀመር። ለሕፃናት ምቹ በሆነው ችሎት፣ በደል የደረሰበት ልጅ በዳዩን ፊት ለፊት ሳያይ፣ መጫወቻ ባለበት ሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ይቀመጣል። ዳኛው የሚጠይቀው ጥያቄ በሠራተኛዋ ጆሮ ይደርሳል፤ እርሷም ልጁ በሚገባው ቋንቋ መልሳ ትጠይቀዋለች፤ ችሎቱ ደግሞ መልሱን በቴሌቪዥን መስኮት ይከታተላል። በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት 26 ቀን ደግሞ የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ሕፃኑን ባሳደገችው አክስትና በአባቱ መካከል የነበረውን ክርክር ሲቈርጥ፣ ከአባትነት መብት ይልቅ የልጁን ጥቅም አስቀደመ። የሰበር ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ይህ ፍርድ ራሱ ለመላው ዳኛ እንደ ትምህርት ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ ፍርድ ቤቶችን በከፊል ባስዘጋ ጊዜ፣ ስብሰባውና ሥልጠናው ወደ ኢንተርኔት ፈለሰ። በዚህ መንገድ የሚሰጥ ሥልጠና በሩቅ ወረዳ ያለውን ዳኛ ቀጠሮ ሳያስተጓጉል፣ መዝገብ ሳያስቈልል፣ አበልና መኪና ሳይጠብቅ ከወንበሩ ሳለ ሊያገኘው ይችላል፤ መብራትና ኔትዎርክ በሚቋረጥበት ስፍራ ግን ወሬው ብቻ ይደርሰዋል። ሕጉን፣ የሰበር ውሳኔውንና የልጅን የዕድገት ደረጃ በዚህ መንገድ ማስተማር አይሳንም። የሕፃንን ዐይን አይቶ ጥያቄ ማቆም ግን እንደ ጥንቱ ከአዋቂ ዳኛ አጠገብ ተቀምጦ የሚለመድ ጥበብ ነው።

እንግዲህ ሕግ አውጪውም ሆነ አሠልጣኙ ከዚህ ታሪክ ሊወስደው የሚገባ ፍርድ ይህ ነው፤ የሕፃናት ሕግ አጥተን አናውቅም፣ ያጣነው ሕጉን በልጅ ፊት የሚያነብ የተማረ ዳኛ ነበር። ስለሆነም ለአዲስ ሕግ ከሚወጣው ድካም እኩሌታው እንኳ ለወረዳው ዳኛ ትምህርት ይዋል።